ያልደረቀው ቀለም

ምንይሉ ጠመንጃ በሚቀባባት ጠባብ ክፍል ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። በርና መስኮቱ ተዘግቷል። በማንደጃው ውስጥ የቀዘቀዘ አመድ አለ፤ ከማንደጃው በላይ አንድ ምንሽር በሽቦ ተንጠልጥሏል። የሞጣ ሰው ነገሩን ቶሎ ጨረሰው፦ ከሰል ገደለው።

ለሌላ ሥራ ቢቸና የነበረችው ኢንስፔክተር አርሴማ ተጠርታ ስትደርስ እንደዚያ ለማለት አልቸኮለችም። የሟቹን ከንፈር ገልበጥ አድርጋ አየች። ውስጡ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። አፉ ታፍኖ የታገለ ሰው የገዛ ጥርሱ እንዲህ ያደርገዋል። ከዚያ ጠመንጃውን ነካችው። ቀለሙ ጓንቷ ላይ ተጣበቀ።

ማንደጃውን መለስ ብላ አየችው። ሌሊቱን እሳት ላይ ያደረ ቀለም እንደ ድንጋይ መጠንከር ነበረበት።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ሰጠኝ እዚያው ግቢ ነው የሚኖረው። ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ከወንድምዎ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በቀለሙ ሽታ ነው። ልጆቼን ራስ ምታት አልለቅ ብሏቸው ትናንት ጮኼበታለሁ፤ አልዋሽም።»

«ሥራውን ያውቁታል?»

«ስንቴ አብሬው ሠርቻለሁ! የድሮውን ቀለም ይፍቃል፤ ብረቱ እንዳይዝግ ዘይት ያስነካዋል። ሊቀባው ሲል ግን ዘይቱን በቤንዚን አጥቦ ያስለቅቃል። ዘይት ካለበት ቀለሙ አይይዝም፤ እሳትም አያደርቀውም።»

የሟቹ ሚስት አየሁሽ ግንደወይን እናቷ ዘንድ አድራ ጠዋት ነው የደረሰችው።

«ግንደወይን ማደርሽን ማን ያውቃል?» አለቻት አርሴማ።

«ጎረቤቱ ሁሉ! ምን ለማለት ነው?» አለች አየሁሽ። «አመሻሽ ላይ ደውሎልኝ ነበር። ድምፁ ልክ አልነበረም። ‹ስትመጪ የምነግርሽ አለ፤ በስልክ አይሆንም› አለኝ።»

የምንሽሩ ባለቤት አስናቀው የቤቱ የቅርብ ወዳጅ ነው። እሱማ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው።

«እኔ ስሄድ ደህና ነበር። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሲቀባው አይቻለሁ። ከሰሉን አቀጣጥሎ ‹ነገ ውሰደው› አለኝ።»

«ሲቀባው በዐይንዎ አይተዋል?»

«በነዚህ ዐይኖቼ!»

አርሴማ ሦስቱንም ወደ ክፍሉ ጠራቻቸው።

«ምንይሉን ሰው አፍኖ ነው የገደለው» አለች። «ከሰሉ ማስመሰያ ነው። ይህ ቀለም እሳት ላይ አድሮ አልደረቀም፤ ከሥሩ ዘይት አለ። ምንይሉ ደግሞ ሳያጥብ አይቀባም። አቶ ሰጠኝም ማጠቡን ያውቃሉ። የቀባው ሥራውን የማያውቅ፣ የቸኮለ ሰው ነው። አቶ አስናቀው፣ እርስዎ ግን ምንይሉ ሲቀባው አየሁ ብለዋል።»

አስናቀው ሳቅ አለ። «ለቀለም ብዬ ሰው ልግደል?»

«ቀለሙ የሸፈነውን እንይዋ።»

ጨርቅ በቤንዚን ነክራ የብረቱን ጎን ጠረገች። ቀለሙ ተገፎ ወጣ። በሚስማር የተጫረ ስም ብቅ አለ፦ ዘመነ።

አየሁሽ ጮኸች። «የወንድሜ! የወንድሜ ጠመንጃ ነው!»

ዘመነ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ሄደ ከተባለ ዓመት አልፏል። አውቶቡስ አሳፈርኩት ብሎ ለቤተሰቡ የነገረው አስናቀው ነበር።

«ሸጦልኝ ነው የሄደው» አለ አስናቀው።

«ታዲያ ስሙን ሁለት ጊዜ ምን አስደበቀዎት? የድሮው ቀለም እንደሚፋቅ ሳያውቁ አመጡለት፤ መጀመሪያ የደበቁትን ስም ምንይሉ ሲፍቅ አገኘው። ማታ ሊወስዱት ሲመጡ ጠየቀዎት። ለሚስቱ ሳይነግራት ቀደሙት፤ ስሙንም ዳግመኛ ቀቡት።»

አስናቀው ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ክንዱን ሲይዙት አልታገለም።

አየሁሽ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ወንድሜ የት ነው?»

«ጠጥተን ተጣላን...» አለ አስናቀው። «ዓባይ በረሃ። ከአንድ ዋርካ ሥር ቀብሬዋለሁ።»

ሰጠኝ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም፤ ወደ ደጅ ወጣች። የሰፈሩ ጎረምሶች የልቅሶ ድንኳን እየተከሉ ነበር። ካስማ የሚመታው ሰው እሷን ሲያይ መዶሻውን አወረደ።

«አስፉት» አለችው። «የሁለት ሰው ልቅሶ ነው።»