ከቦታቸው የተነሱት አራት ቅርንጫፎች

ታውኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለምና ጣውላ ጭኖ ወደ ደሴቷ የመጣ ዕለት፣ አይሊ ሐይቁ ዳር ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር። በበረዶው ላይ የሚነዳው ሞተር ጠፍቶ እሱ አጠገቧ ሲደርስ እንኳ አልገለጠችውም።

«ጸሎት ላይ ነሽ?» አላት።

«አይደለም። እየፈራሁ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ከሩቅ ብቻ ለሚያውቁት ሰው ይነገራል? ፊቷ በእፍረት ጋለ። እሱ ግን አልሳቀባትም።

«እኔም እፈራለሁ» አላት ጣውላውን እያወረደ። «እስከ ዛሬ በሕይወት ያለሁትም ስለምፈራ ነው።»

ያኔ ዓይኗን ገለጠች። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ጢሙ ላይ በረዶ የጋገረበት ሰው ነበር። ደስ የሚል ፊት አለው ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ ማሰቧ አናደዳት።

አይሊ በከንቱ የምትፈራ ሴት አልነበረችም። ባሏ ሬይዮ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚሁ ሐይቅ ላይ በረዶው ከስሩ ተሰብሮ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እንቅልፏን ታጣለች። ዘንድሮ ግን ቆርጣለች፤ ቤቱን በክረምት አሳድሳ በጸደይ ትሸጠውና ከተማ ትገባለች። ከስሩ ውኃ የሌለበት መሬት ላይ ትኖራለች።

እኛ የፊንላንድ ሐይቅ ሰዎች ነገሩን እናውቀዋለን። ደሴት ላይ ያለ ቤት በጸደይ እንዲሸጥ ሥራው በክረምት ማለቅ አለበት፤ ከባድ ዕቃ ጀልባ አይሸከመውም፣ የሚሻገረው በበረዶው ላይ ነው። የአይሊ ቤት አዲስ የጣሪያ ቆርቆሮና አዲስ የብረት ምድጃ ያስፈልገዋል። እስከ መጋቢት አጋማሽ ካልተሻገሩ ዘንድሮ ሽያጭ የለም፤ እሷም አንድ ክረምት ልትጨምር ነው። ያንን ደግሞ አልችለውም ብላለች።

ታውኖ ማዶ ካለው መንደር ነው። ዕቃ ያመላልሳል፤ የበረዶውን መንገድ የሚያበጀውም እሱ ነው። በየጥር ወሩ በረዶውን እየበሳ ውፍረቱን ይለካል፣ ከዚያ ከመንደሩ እስከ ደሴቷ የጥድ ቅርንጫፍ በመስመር ይተክላል። ቅርንጫፍ ባለበት ይኬዳል፣ በሌለበት አይኬድም። ቅርንጫፍ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው በመንደሩ የለም።

ሁለት ወር አብረው ሠሩ። እሱ መስኮቱን ቀባ፣ እሷ ወለሉን ፋቀች። ቀን ቀን የዓሣ ሾርባ በአጃ ዳቦ ይበሉና ሳይነጋገሩ ይቀመጣሉ። ዝምታው ግን አይከብዳትም። ማለዳ ማለዳ የሞተሩን ድምፅ መጠበቅ ጀመረች። ገና ከሩቅ ስታየው ሁለት እጇን ታውለበልብለታለች፣ እሱም ያውለበልብላታል። ፍርሃቷ ግን እጥፍ ሆነ። ቀድሞ ለራሷ ብቻ ነበር የምትፈራው።

የካቲት መጨረሻ ላይ ደላላዋ ሚርካ ፎቶ አንሺ ይዛ መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና ቤቱ አምሯል፣ ሐይቁ ላይ የቆሙት ቅርንጫፎች ግን የመቃብር ምልክት ይመስላሉ፣ ገዢ ያስበረግጋሉ አለች። ለፎቶው ያህል ቤቱ ፊት ለፊት ያሉት አራቱ እንዲነሱ ጠየቀች። አይሊ ነቀለቻቸው። ሰዎቹ ሲሄዱ ልትመልሳቸው ብትወጣ አመዳይ ጥሎ ቀዳዳዎቹንም አጠገባቸው ያለውንም ጥቁር ድንጋይ ሸፍኗቸዋል። በዓይኗ ለክታ፣ ቀጥ አድርጋ ተከለቻቸው። ለታውኖ አልነገረችውም። መጀመሪያ ነገሩ ትንሽ መሰላት፣ ኋላ ደግሞ አፈረች።

መጋቢት ገባ፤ ቆርቆሮውም ምድጃውም አልመጡም። ታውኖ አንድ ቀን ሚስማር ያመጣል፣ አንድ ቀን ሁለት ጣውላ። ቅዳሜ ዕለት ሾርባው ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሆን ብለህ ነው የምታዘገየው» አለችው። «ቤቱ እንዳይሸጥ ነው የምትፈልገው። እዚህ ታስረሽ ቅሪ እያልከኝ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታውኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ነገ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አመጣልሻለሁ» አለና ወጣ።

በማግስቱ ሚርካ ፎቶዎቹን በስልክ ላከችላት። የመጀመሪያው ሰዎቹ እንደመጡ፣ ቅርንጫፎቹ ሳይነቀሉ የተነሳ ነበር። አይሊ ቤቷን ልታይ ብላ ዓይኗ ሐይቁ ላይ ቀረ። በፎቶው ላይ መስመሩ ቤቱ ፊት ለፊት ሲደርስ እንደ ክንድ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ጥቁሩን ድንጋይ ዞሮ ያልፋል። እዚያ ድንጋይ ሥር ጅረት አለ፣ በረዶውን ከታች ይበላዋል። ይህን ማን አጥቶት!

ቀና ብላ በመስኮት አየች። እሷ የተከለቻቸው ቀጥ ብለው በድንጋዩ አናት ላይ ያልፋሉ። በእነዚህ ሳምንታት ታውኖ ቅርንጫፎቹን አምኖ፣ ቀላል ጭኖ በላዩ ተመላልሷል። ዛሬ ግን ምድጃውንም ቆርቆሮውንም ጭኗል።

ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ሞተር ላይ ሆኖ ምን ይሰማል? ካፖርቷን እንኳ ሳትለብስ ወጣች። ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሐይቁ መሀል እየመጣ ነው። ሁለት እጇን አውለበለበች። እሱም እጁን አነሳላት፤ ሰላምታ መስሎታል። ኩርፊያው የበረደ መስሎት ነው መሰል፣ ፍጥነቱንም ጨመረ።

«የፈሩት ይደርሳል» የሚባለው ይኼ ነው አለች በልቧ። በረዶው ላይ ሮጠች፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሮጣበት አታውቅም። ድንጋዩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች፣ እጇን ዘርግታ መንገዱን ዘጋች። እሷን ካልዳጠ በስተቀር አያልፍም።

ታውኖ ከአርባ እርምጃ ላይ አቆመ።

«እንዳትመጣ! ቅርንጫፎቹን ነቅያቸው ነበር... ቦታቸው ይኼ አይደለም!»

ከእግሯ ሥር አንድ ነገር ተሰነጠቀ። ጥቁር ውኃ ጫማዋ ላይ ወጣ።

«አይሊ፣ ተኚ» አላት። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፣ ፊቱ ግን አመድ መስሏል። «በሆድሽ ተኚ። እጅሽን ዘርጊ። አትነሺ።»

ከመተኛቷ በፊት ግራ እግሯ እስከ ጭኗ ገባ። ብርዱ ትንፋሿን ነጠቃት። ሬይዮም እንዲህ ነው የሆነው ብላ አሰበች፤ ሌላ ምንም አላሰበችም። ታውኖ የምድጃውን ገመድ ፈትቶ በሆዱ እየተሳበ መጣ። ወረወረላት፣ አልደረሰም። ደግሞ ወረወረ፣ አልደረሰም። በሦስተኛው ጫፉን በሁለት እጇ ያዘች፣ እሱም ጎተተ።

ጽኑው በረዶ ላይ ሲደርሱ ካፖርቱን አልብሷት አቀፋት።

«ይቅር በለኝ» አለችው። «ልገድልህ ነበር እኮ... በገዛ እጄ።»

«ትናንት ያልሽው እውነት ነው» አላት። «ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። ምድጃው ከገባ ቤቱ ያልቃል፤ ቤቱ ካለቀ ትሄጃለሽ። ደፍሬ መናገር አቃተኝና ሚስማር በሚስማር አመላለስኩ።»

አለቀሰች። እሱም ፊቱን አዞረ።

የመንገድ ቅርንጫፍ የነካ ሰው ራሱ በየቤቱ ዞሮ ይናገራል፤ የመንደሩ ደንብ ነው። አይሊ ዘጠኙን ቤት ዞረች። ልጆቿ በየቀኑ በዚያ መስመር ዓሣ ሊያጠምዱ የሚወጡ አንዲት እናት ቃል ሳትመልስ በሩን ዘጋችባት። ታውኖ አብሯት ቆሞ ነበር፤ ለእሷ ግን አልተናገረላትም፣ መናገር የእሷ ድርሻ ነው። በማግስቱ መንገዱን አስተካክሎ ተከለ፤ ምድጃውና ቆርቆሮውም ለየብቻ ተሻገሩ።

ቤቱ በግንቦት ተሸጠ። የገዙት ባልና ሚስት ክረምቱ እንዴት ነው ብለው ሲጠይቋት አንድም ሳትደብቅ ስለ ድንጋዩ ነገረቻቸው። ቁልፉን ሰጥታ ወደ ጀልባው ወረደች። ታውኖ ሻንጣዎቿን ጭኖ ጨርሷል፤ ከተማ የተከራየችው ክፍል ይጠብቃታል። ሞተሩን ግን አላስነሳም።

«እኔ ቤት መምጣት ትችያለሽ» አላት። «ብትመጪ ደስታዬ ነው። ግን አልዋሽሽም፤ ክረምት ሲመጣ በረዶው ላይ እወጣለሁ። ይህን አልተውም።»

አይሊን ያ የምታውቀው ፍርሃት ተመልሶ ያዛት። ከቤቱ ጋር የሸጠችው መስሏት ነበር።

«እኔም እፈራለሁ» አለችው። «እኔም ይህን አልተውም።»

ይህን ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። ታውኖ ሞተሩን አስነሳና ጀልባዋን ከከተማው አቅጣጫ ወደ መንደሩ፣ ወደ እሱ ቤት አዞረ።