የወይራ አምባ ድልድይ አልቋል

ወገኖቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ጥፋተኛው ራሴ ስለሆንኩ ነው።

በ2005 ዓ.ም. መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመንገድ ባለሙያ ነበርኩ። በዚያው ዓመት ሀጀራ የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ተመደበችልን። በአካባቢው ያሉትን መንገዶች ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አሰፈረቻቸው፤ የቱ ጠጠር፣ የቱ የበቅሎ መንገድ እንደሆነ፣ የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ፣ የቱን ወንዝ እንደሚያቋርጥ። ከዚያ ሕግ ሰጠችው። መንገዱ ጠጠር ከሆነና ወንዙ ድልድይ ካለው፣ መኪና በክረምትም ያልፋል። ድልድይ ከሌለው አያልፍም። ኮምፒውተሩ እነዚህን ይዞ ማንም ያልነገረውን ራሱ ይደመድማል። አምቡላንስ የሚሰማራውም በእሱ መልስ ነበር።

ሰኔ 27 ቀን፣ «ጋሽ አራጌ፣ የወይራ አምባን ድልድይ ምን ልበለው?» አለችኝ።

«አልቋል በይው።»

«በእርግጥ አልቋል?»

አላለቀም ነበር። ግራና ቀኝ ግንቡ ቆሟል እንጂ መሸጋገሪያው ገና ነው። ግን የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ በሪፖርታችንም መቶ በመቶ ብለናል። በእኛ ቤት ሁሉም ነገር ሰኔ ላይ ያልቃል፤ በእውነት የሚያልቀው ጥቅምት ነው፣ ካለቀ።

«ሪፖርቱና ኮምፒውተሩ ከተለያዩ ማን ሊጠየቅ ነው? ጻፊው አቦ! በክረምት ማን ይሄድበታል?»

«ጋሽ አራጌ፣ ወላሂ ይሄ እንደ ሰው አይጠረጥርም። የነገርነውን አምኖ ነው የሚፈርደው።»

ተቆጣኋት። ጻፈችው።

ሐምሌ 16 ረፋድ ላይ ከወይራ አምባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሀጀራ ደወለች። ሳዲያ የምትባል፣ ከሳውዲ በተመለሰች በሁለት ዓመቷ ያረገዘች ሴት ምጥ ጠንቶባታል። ሰዉ በቃሬዛ ተሸክሟት በተራራው መንገድ ወደ ሆስፒታል ሊነሣ ነው፤ አራት ሰዓት ያስኬዳል። ሀጀራ ኮምፒውተሩን ጠየቀች። መኪና ያልፋል፣ ሃምሳ ደቂቃ ይበቃዋል አለ።

«ቃሬዛውን አውርዱት» አለች በስልኩ። «አምቡላንስ እየመጣ ነው።»

ከጀርባዋ ቆሜ እሰማለሁ። «ድልድዩ አላለቀም» ማለት ሁለት ቃል ነው። ምናልባት ወንዙ ጎድሎ ይሆናል፣ ምናልባት ሾፌሩ በወንዙ ድንጋይ ላይ ይሻገር ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። በመስኮት ሰማዩን አየሁ፤ በወይራ አምባ በኩል ጠቁሯል። ሰዓቴን ደጋግሜ አየሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሾፌሩ ደወለ። «ጋሽ አራጌ፣ ድልድዩ የታለ? ወንዙ እኮ ሞልቷል!»

ሀጀራ ዞር ብላ አየችኝ።

ሰዉ ቃሬዛውን እንደገና አንሥቶ በተራራው መጣ። ሳዲያ ተረፈች። ልጇ አልተረፈም። ሐኪሙ፣ «አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ» አለ።

በሦስተኛው ቀን በዚያው በተራራው መንገድ በእግሬ ለቅሶ ሄድኩ። አባቷ ሼህ አብዱልጀሊል ለመንደሩ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ አዛውንት ናቸው። «አሏህ ሰብሩን ይስጥዎት» ብዬ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«እወንዙ ዳር ቆመህ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ ‹ድልድዩ አልቋል፣ ልጅህን ይዘህ እለፍ› ትለኝ ነበር?»

«አልልዎትም ነበር።»

«ታዲያ ያልኸው እኮ ለኔ ነው።»

ተመልሼ ሀጀራን ወንበሯን አስለቀቅኳትና በገዛ እጄ «አላለቀም» ብዬ ጻፍኩ። የወይራ አምባ መልስ ወዲያው ተለወጠ፤ መኪና አያልፍም። ከወንዙ ማዶ ያሉ ሦስት መንደሮችም እኔ ምንም ሳልነካቸው ተራ በተራ ተለወጡ፤ አያልፍም፣ አያልፍም፣ አያልፍም። በሦስቱም እርጉዞች ነበሩ።

ሪፖርት የምትጽፉ ወገኖቼ፣ የምትጽፉትን አንድ ሰው አምኖት ቃሬዛውን ያወርዳል። እኔ ከዚያ ወዲህ ቆሜበት ያላየሁትን ድልድይ አልቋል ብዬ አላውቅም።