የአያ ታከለ ጭስ

እኔ፣ ወዳጄ፣ ጂን አየሁ፣ ሙት ጠራኝ የሚል ሰው ወሬውን ሳይጨርስ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጠንቋይ ቤት የሄድኩት በዕድሜዬ አንዴ ነው፣ እሱም ፍየሎችህን ከአውሮፕላን ሜዳችን አስወጣ ልለው ነበር፣ የሚመጣውን ሁሉ አውቃለሁ የሚለው ሰውዬ እኔ እንደምመጣበት አላወቀም። ስለዚህ ይሄን ስነግርህ ጠጥተህ ነው እንዳትለኝ፣ ያየሁት በጠዋት ነው፣ ቁርስ እንኳ አልቀመስኩም ነበር፣ ሆዴን ያየ ይሄን ባያምንም።

ሥራዬ አዘዞ አውሮፕላን ሜዳ ነው፣ አብራሪ ሳይሆን አባራሪ ነኝ፣ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል አህያውንና ከብቱን ከሜዳው አስወጣለሁ፣ ሚስቴ ግን ለዘመዶቿ የአየር መንገድ ሰው ነው ብላ ነው ያወራችው።

ከሜዳው ጥግ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ጎጆ አላቸው። ድሮ፣ ጠላት ሳይገባ፣ ሜዳው ግጦሽ ብቻ ሳለ፣ መንግሥት ከፈረንጅ የገዛቸው ባለ ሁለት ክንፍ የጦር አውሮፕላኖች እዚያ ይወርዱ ነበር፣ አንድ ክንፍ ከላይ አንድ ክንፍ ከታች፣ እንጨትና ሸራ በሽቦ የተወጠረ፣ ፈረንጅ ለከፈለው ሁሉ ሠርቶ የሚሸጠው ዓይነት። የአያ ታከለ ታናሽ ወንድም ደምሴ መካኒክ ሆኖ ከአብራሪው ኋላ ይቀመጥ ነበር፣ ሞተሩ የጉሎ ዘይት ስለሚጠጣ ልጁም በዓውደ ዓመት እንኳ ጉሎ ጉሎ ይሸት ነበር ይላሉ። የአያ ታከለ ሥራ ደግሞ ጭስ ነው፣ ኩበት ያነዱና እርጥብ ጭድ ይደርቡበታል፣ ከላይ ያለው ሰው ጭሱ የሚያጋድልበትን አይቶ ነፋሱን ያውቅና ይወርዳል። ጦርነቱ ሲመጣ ደምሴ "አያ፣ ጭስህን ካላየን አንወርድም" ብሎ ወደ አዲ አርቃይ በኩል በረረ፣ በዚያው ቀረ።

ጠላት ወጣ፣ ጃንሆይ ተመለሱ፣ አያ ታከለ ግን በየጠዋቱ ያጨሳሉ። እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ "አያ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ነዳጁ አላለቀም?" እላቸዋለሁ።

"ሲያልቅበት ይወርዳል" ይሉኛል፣ ሳይስቁ።

አንድ የነሐሴ ቀን ወገባቸውን ታመው ተኙና አስጠሩኝ። "ነገ አንተ ለኩስልኝ፣ አንድ ቀን ነው፣ በጎህ።"

"ምን ችግር አለ፣ አያ" አልኩ።

ሲነጋ ጉሙ የገዛ እጅህን አያሳይህም፣ በዚህ ላይ ጭስ ማን ሊያየው ነው አልኩና ጋቢዬን ተከናንቤ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ቁጭ አልኩ፣ ደግሞስ አሁን ነፋስ የሚያሳይ ከረጢት በእንጨት ላይ ሰቅለን የለ? እውነቱን ልንገርህ፣ ስንፍና ነው።

መጀመሪያ ዝም ያሉት አህዮቹ ናቸው። ከደጄ ሣር ሲግጡ የነበሩት አምስቱም አፋቸውን አቁመው ጆሯቸውን ወደ ሰሜን ቀሰሩ። ቆየት ብሎ አንድ ድምፅ መጣ፣ ቀጭን፣ ሩቅ ቤት ውስጥ ሰው በልብስ ስፌት መኪና የሚሰፋ የሚመስል፣ የእኛ አውሮፕላን ደግሞ እመነኝ እንደዚያ አይደለም፣ በጉምም አይመጣም። ድምፁ ከላያችን ደረሰና መዞር ጀመረ፣ አህዮቹም አንገታቸውን በአንድ ገመድ እንደተሳቡ አብረው ያዞራሉ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ሸተተኝ። ጉሎ።

እንዴት እንደሮጥኩ አትጠይቀኝ፣ እኔ ከሠርጌ ወዲህ ሮጬ አላውቅም። አያ ታከለ የሚያጨሱበት ምድጃ አጠገብ ተንበርክኬ ክብሪት ብጭር ተሰበረ፣ ሁለተኛው ረጥቦ እምቢ አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ይዞራል። ቀና ስል ጉሙ ሳሳ፣ አንድ ክንፍ ከላይ፣ አንድ ክንፍ ከታች፣ ከኋለኛው መቀመጫ አንድ ሰው ወገቡ ድረስ ወጥቶ ቁልቁል ይፈልጋል። እኔን አላየም፣ ያየው የቀዘቀዘውን አመድ ነው። ጉሙ ተከደነ፣ ድምፁ ወደ ሰሜን ራቀ፣ ኩበቱ የተያያዘው ያኔ ነው፣ ጭሱም ቀጥ ብሎ ወጣ።

ዞር ስል አያ ታከለ በከዘራ ተደግፈው ቆመዋል።

"ለኮስክልኝ?"

"ለኩሻለሁ፣ አያ።"

"ከጎህ ጀምረህ?"

"ከጎህ ጀምሬ።"

ቀና ብለው ጭሱን አዩት። "ታዲያ ምነው ሳይወርድ ሄደ?" አሉኝ።

ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁና በአራተኛው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ዋሽቻለሁ፣ እሳት አልነበረም፣ ስለዚህ ነው ያልወረደው አልኳቸው። ፈገግ ብለው ራሴን ዳበሱኝ። "መቼም ቀልድ አያልቅብህም። ልታጽናናኝ ነው፣ ሸጋ ሰው ነህ።" ዕድሜ ልክህን ስትቀልድ ኖረህ አንድ ቀን እውነት ስትናገር የሚያምንህ የለም። አያ ታከለ ጭሴን እያየ ትቶኝ ሄደ ብለው ከዚያ በኋላ አላጨሱም፣ ልጃቸው ፀዳ ከተማ ወዳለው ቤቷ ወሰደቻቸው፣ እዚያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ አሉ።

አሁን የማጨሰው እኔ ነኝ፣ በየጎሁ፣ ጋቢዬም ኩበት ኩበት ይሸታል፣ ሚስቴ ዘመዶቿ ሲመጡ ደጅ ትሰቅለዋለች። አለቃዬ ሲያየኝ ይስቃል፣ "አንተ፣ የሰውዬው ነዳጅ አላለቀም እንዴ?" ይለኛል።

"ሲያልቅበት ይወርዳል" እለዋለሁ።

እኔ አልስቅም። የአህዮቹን ጆሮ ነው የማየው።