በቀን የተከፈተው ተረት

እኔ በመንፈስም በጥላም የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጎረቤቴ ጠንቋይ ቤት ዶሮ ይዛ ስትሄድ «እኛ ብንበላት አይሻልም ወይ?» እያልኩ የምስቅባት ሴት ነኝ፣ ግን ሰው «ተረት የልጅ ማባበያ ነው» ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጊዜው የጣሊያን ነው። አባታችን አርበኛ ሆኖ በረሃ ስለወረደ ባንዳዎች እኛን ልጆቹን ያስሱ ነበር፣ ስለዚህ አክስቴ የሺ እኔንና የአራት ዓመት እህቴን ሙሉን ከጅጋ ብዙም በማይርቅ ገደል፣ ዋሻ ውስጥ ደበቀችን። አንድ ቀን እናታችን በማለዳ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጣች።

በእኛ አገር ተረት በቀን አይወራም፣ ክፉ ነገር ይጠራል ይባላል። ሙሉ ግን ቀትር ላይ «እናቴን!» እያለች አልቅሳ አልበቃ አላት፣ ድምፅዋ ገደሉን ሞላው፣ አክስቴም መላው ጠፋት።

«ተረት ተረት» አለች።

«የላም በረት» አልን እኔና ሙሉ። ከዋሻው ውጪ ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ሦስተኛ ድምፅ ቀስ ብሎ «የላም በረት» አለ።

አክስቴ ፊቷ አመድ መሰለ። «የገደል ማሚቶ ነው፣ አይዟችሁ» ብላ ቀጠለች። ተረቱ በእናት ድምፅ እየተጣራ ልጆችን በር ስለሚያስከፍት ጅብ ነበር። ጅቡ ደጅ ላይ ሲደርስ ውጪ ጠጠር ተንኮሻኮሸ፣ ከዚያ «ልጆቼ፣ ኑ ውጡ፣ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ሰማን። የእናቴ ድምፅ ነው፣ የያዛት ጉንፋን እንኳ ሳይቀር! ሙሉ ብድግ ስትል አክስቴ ጎትታ አፏን አፈነችው።

«ዋ! የተረቱ ልጆች ያለቁት ስለከፈቱ ነው» አለችኝ በጆሮዬ።

ድምፁ ሦስት ጊዜ ለመነን፣ በሦስተኛው አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ግን አልወጣሁም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣን፣ ደጃፉ ላይ ሰው የለ፣ ዱካ የለ፣ በእናቴ ነጠላ ቅዳጅ የተቋጠረ ጨው ብቻ ተቀምጧል። በማግስቱ አንዲት ጎረቤት መጥታ «እናታችሁን ገና በጠዋቱ፣ ገበያው ሳይደራ ባንዳ ወሰዳት» አለችን። ከዚያ ወዲህ አላየናትም። ታዲያ ጨውን ማን አመጣው? አምልጣ መጥታ ከሆነስ?

አክስቴ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሳትል፣ ተረቱን እንደተከፈተ ትታው ከዓመታት በኋላ ሞተች። የልጅ ልጆቼ «እማማ፣ ተረቱን ይጨርሱልን እንጂ» እያሉ ይነዘንዙኛል። አንዳንድ ቀን በቀትር ደጄ ላይ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። እናቴን ውጪ አስቀርቼ እንዴት ልዝጋው?