ሐኪሟ በወደቀችበት ውጊያ

ሆርዶፋ የሞተው ቅዳሜ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ አምቦ ከዳር እስከ ዳር በገበያተኛ በተሞላችበት ሰዓት ነበር። ከገበያው ጀርባ በነበረችው ጌም ቤቱ ጓዳ ውስጥ፣ አናቱን ከኋላ ተመቶ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የብረት ስታብላይዘር ወድቋል፤ አንዱ ጠርዙ ደም ነክቶታል። ዘመኑ 2002 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነው።

ኢንስፔክተር ድንቅቱ ሂርጳ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። አስከሬኑን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች አምስት ወሯ ነው። ከዚያ ወዲህ እህሉ አፏ ላይ ገለባ ገለባ ይላታል፤ ለቅሶ ቤት ሄዳም እንባ አጥታ ትመለሳለች። ሥራዋን ግን አልበደለችም። ልቧ በደነዘዘ ቁጥር ዓይኗ የሚሳል ይመስል ነበር።

ወደ ፊተኛው ክፍል ወጣች። ከአራቱ ቴሌቪዥኖች የበራው አንዱ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ የጃፓን ጌም መሀል ውጊያ ላይ ቆሟል። ሁለት ሰይፈኞች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሦስተኛ ጓደኛቸው ከእግራቸው ሥር ተዘርራለች። ከሥራቸው ቁጥሮች ተደርድረዋል።

«እንዳታጠፉት» አለች ፖሊሶቹን።

«መብራት ከሄደ ግን ራሱ ይጠፋል፣ ኢንስፔክተር» አለ ከበሩ ላይ የቆመ ጎልማሳ ሰው። ረመዳን ይባላል፤ ከስልጤ መጥቶ አምቦ ከከተመ ሃያ ዓመት ያለፈው የራዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ሱቁና ጌም ቤቱ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ይለያያሉ፤ የጓሮ በራቸውም አንድ ግቢ ላይ ይከፈታል።

ድንቅቱ ነገሩ ባይገባትም ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማስታወሻዋ ላይ ገለበጠች። ደብተሯን ሳትዘጋ መብራቱ ሄደ።

ጉርሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሆርዶፋ ሂሳብ ያስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ሁለቱ ጊንጪ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ትሪ የበሉ ናቸው። ቅዳሜ ቤቱ ለደንበኛ የሚከፈተው ከሰዓት ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ይህን ጌም ሁለቱ ብቻ ሆነው ይጫወቱ ነበር።

«አምስት ሰዓት ላይ ጀመርን» አለ። «ስድስት ሰዓት ሲሆን ራሴን አመመኝ ብሎ ጓዳ ገባ። እኔ ጨዋታዬን ቀጠልኩ። በጓሮ በር ማን እንደገባ አላየሁም።»

«ከመቀመጫህ አልተነሳህም?»

«አንዴም! ይኸው፣ ጌሙ ራሱ ይመስክርልኝ። ከሌቭል ሠላሳ ስምንት ወደ አርባ አንድ አድርሼዋለሁ። በከባዱ ነው የምንጫወተው፣ ኢንስፔክተር። እያንዳንዷን ምት በገዛ እጄ ነው የመታሁት። ይህን ሲሠራ የቆየ ሰው ጓዳ ሄዶ ሰው አይገድልም።»

ድንቅቱ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር ከመኪና ካላማዳሪ የተቆረጠች ቀለበት የመሰለች ጎማ አነሳች፤ በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ከቴሌቪዥኑ አጠገብም የሆርዶፋን ደብተር አገኘች። ሰውየው የሂሳብ መምህርነቱ አልለቀቀውምና የየዕለቱን ጨዋታ ይመዘግብ ነበር። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ 5 ሰዓት። ሦስቱም 38። መድኃኒት 60።»

ከዚያ ወደ ረመዳን ሱቅ ገባች።

«ከሟቹ ጋር በጌሙ ድምፅ ሰበብ ትጣሉ ነበር ይባላል፣ ኦቦ ረመዳን።»

«እንጣላለን፤ ደግሞ ማታውን አብረን ሻይ እንጠጣለን። ዛሬ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት አንድ የወንጪ ገበሬ ራዲዮ ይዞብኝ መጥቶ ከፊቴ አልተነሳም። ጠይቁት፤ ፈዬራ ይባላል።»

«በግድግዳው በኩል ምን ሰማህ... ምን ሰሙ?»

ረመዳን ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ጌሙን ነዋ። ያው ውጊያ፣ ያው ሙዚቃ። እንደ ወፍጮ ነው፤ ይጀምራል፣ ያልቃል፣ ይጀምራል። እንደውም ስድስት ከሩብ ግድም ድምፁን ለቀቁት። ግድግዳውን በቡጢ ደበደብኩ፣ የሚሰማኝ አጣሁ። ሆርዶፋ ሲሆን ወዲያው ነው የሚቀንስልኝ።»

«የድምፅ መቀነሻው ሪሞት ነው?»

«ሪሞቱ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ላይ መጫን ነው።»

ድንቅቱ ማስታወሻዋን ፊቱ ዘረጋች። «እርስዎ ይህን ጨዋታ ያውቁታል። ያስረዱኝ።»

«እኛ ወቀጣ ነው የምንለው። ትልቁን ጠላት ለመጣል ጉልበት ያስፈልጋል፤ ጉልበት የሚገኘው ደግሞ ትንንሾቹን ሺህ ጊዜ በመግደል ነው። አሰልቺ ነው። የሰለቸው ሰው አውቶማቲኩን ይጫናል፤ ያኔ ጌሙ ራሱ ይዋጋለታል። ሆርዶፋ ግን በዚህ ቤት ከልክሎት ነበር። ‹ዳገቱን ሳትወጣ ጉልበት ከየት ይመጣል?› ይል ነበር።» ረመዳን ቁጥሮቹ ላይ ጎንበስ አለና አንዱን በጣቱ ነካ።

«ምን አዩ?»

«ሐኪሟን» አለ። «ነጭ ለባሿን። እሷ ሠላሳ ስምንት ላይ ቀርታለች።»

ናኦሚ፣ የሆርዶፋ ሚስት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነች። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ነበረች። ድንቅቱ ከእነ ሥራ ልብሷ ጓሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥተሽ እዚህ የደረስሽው ሰባት ከሩብ ነው። የት ነበርሽ?»

«ሁሉቃ ወንዝ ዳር ተቀምጬ ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን። ጠዋት ተኳርፈን ነው የተለያየነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ስክሪን ፊት አልነሳ ሲል... ፈተና አሾለክ ተብሎ ከሥራ ከተባረረ ጀምሮ ማለቴ ነው። እሱ አላሾለከም፣ አዴ ድንቅቱ። እግዜር ምስክሬ ነው።» ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚመጣ ነበር። «በዚህ ሳምንት ግን ፊቱ ፈክቶ ነበር። ‹ሰኞ ስሜ ይታጠባል› አለኝ። ዓርብ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ አስጽፎ፣ ፖስታውን በደረት ኪሱ ይዞ ነበር።»

«ስትገቢ ጉርሙ የት ነበር?»

«ወንበሩ ላይ። ሰላም አለኝ። ‹ጓዳ ተኝቷል› አለኝ።»

የሟቹ ደረት ኪስ ባዶ ነበር።

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከሚተይቡት ሴቶች አንዷ አየለች ናት። ድንቅቱ የሆርዶፋን ስም ስትጠራላት ጣቶቿን ከታይፑ አነሳች። «በካርቦን ነው የምጽፈው፤ አንዱን ቅጂ አስቀራለሁ» አለች፤ ቀጥላም ከካርቶን ውስጥ ሁለት ገጽ አወጣች። ድንቅቱ ቆማ አነበበችው። አጣጥፋም ያዘችው።

እሑድ ሆርዶፋን ጊንጪ ቀበሩት። መዘምራኑ ሲዘምሩ ከሬሳ ሳጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ ጉርሙ ነበር። የሟቹ እናት የጉርሙን ደረት ተደግፈው አለቀሱ። ድንቅቱ ከአጥሩ ዳር ሆና ሁሉንም አየች። እዚያም አላለቀሰችም።

ሰኞ ጠዋት ጉርሙን፣ ረመዳንን፣ ናኦሚንና አየለችን ጌም ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«ኦቦ ረመዳን ከጥርጣሬ ወጥተዋል» አለች። «የወንጪው ገበሬ ቃሉን ሰጥቷል። ናኦሚ የት እንደነበረች ያየ ሰው የለም፤ ግን እሷ ብትሆን ኖሮ የባሏን ስም የሚያጠራውን ማመልከቻ ከኪሱ የምትሰርቅበት ምክንያት የላትም። የቀረው ጉርሙ ነው። እሱ ደግሞ ጌሙ ይመስክርልኝ ብሏል። እናስመስክረዋ።»

ማስታወሻዋን ገለጠች።

«አምስት ሰዓት ላይ ሦስቱም ሠላሳ ስምንት ነበሩ። ስንደርስ ሁለቱ ሰይፈኞች አርባ አንድ፣ ሐኪሟ ግን እዚያው ሠላሳ ስምንት ላይ ወድቃ ነበር። የወደቀ ሰው ደረጃ አይጨምርም። ስለዚህ የወደቀችው ገና ከጅምሩ ነው። መድኃኒቱስ? ስልሳ ነበር፤ ስንደርስም ያው ስልሳ ነበር። እሷን ለማንሳት አንድ ጠርሙስ ይበቃል። ጉርሙ፣ እያንዳንዷን ምት በእጄ መታሁ ብለሃል። ዓይኑ ስክሪን ላይ፣ እጁ ጆይስቲክ ላይ ያለ ሰው ጓደኛውን ያን ያህል ጊዜ ወድቃ ይተዋታል?»

ጉርሙ ወደ በሩ ተመለከተ። «እሺ፣ አውቶማቲክ ላይ አድርጌው ነበር። ሰለቸኝ። እንዲህ ብዬ እንዳልናገር አፍሬ ነው። ስንፍና ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። እኔም ወንጀል ነው አላልኩህም።» ጎማዋን ከኪሷ አወጣች። «ኦቦ ረመዳን እንዳስረዱኝ፣ አውቶማቲኩ ይዋጋል እንጂ አይራመድም። ይህን ጎማ ጆይስቲኩ ላይ ስታስርበት ሰዎቹ እዚያው ይዞራሉ፤ ጠላት ራሱ ይመጣላቸዋል። ይህንም ለስንፍና አደረግከው እንበል። አሁን ሁለተኛው፦ ስድስት ከሩብ ላይ ድምፁ ከፍ ብሏል። ሪሞት የለም። አንድ ሰው ተነስቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ተጭኗል። አንተ ደግሞ አንዴም አልተነሳሁም ብለሃል። ረመዳን ግድግዳውን ሲደበድቡ ያልቀነስከው ለምንድን ነው?»

ጉርሙ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሦስተኛው ይህ ነው።» የአየለችን ቅጂ ለናኦሚ ሰጠቻት። «ከሦስት ዓመት በፊት ፈተናውን የገዛው ልጅ ሰሞኑን አምኖ ለሆርዶፋ ነግሮታል። አውጥቶ የሰጠው መምህር ማን እንደሆነ እዚህ በስም ተጽፏል። ቅዳሜ ጠዋት ሆርዶፋ ወረቀቱን አሳየህ። ሳይነግርህ ሊሄድ አልፈለገም። ወዳጁ ነበርካ።»

ናኦሚ ስሙ ላይ ደረሰች። ወረቀቱ በእጇ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ።

ጉርሙ ሲናገር ድምፁ ክፍል ውስጥ ትምህርት እንደሚያነብ ሰው ነበር፤ ከፍም ዝቅም አላለም። «እንደጀመርን ወረቀቱን አሳየኝ፤ ጨዋታው ቀረ። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፣ ራስህ ተናገር አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጓዳ ሲገባ ጎማውን አስሬ ተከተልኩት፤ ዞር ሲል መታሁት። ስመለስ ጌሙ እየዞረ ነበር። ተቀመጥኩ። የሞተ መስሎኝ ነበር።»

«አልሞተም ነበር» አለች ድንቅቱ። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ብሏል።»

«አውቃለሁ። ሲያቃስት ይሰማኛል። ለዚያ ነው ድምፁን የጨመርኩት።»

ረመዳን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን ግድግዳ በቡጢ የደበደበው እሱ ነው።

ናኦሚ ግን አላለቀሰችም። «ማንን ይጠራ ነበር?» አለች።

«ማሎ፣ እባክሽ ናኦሚ...»

«ነርስ ነኝ። አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ንገረኝ፣ ማንን ይጠራ ነበር?»

ጉርሙ መሬት መሬት አየ። «እኔን» አለ።

ፖሊሱ ካቴናውን አጠለቀለት። ድንቅቱ ቃሉን ጽፋ አስፈረመችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ጊንጪ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። ለሆርዶፋ እናት ማን መንገር እንዳለበት ጣቢያ ውስጥ ሲመካከሩ፣ «እኔ እሄዳለሁ» ያለችው ራሷ ናት። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር፤ አጭርና ግልጽ የሆነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር።

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ሰው ሳሳ ብሎ ነበር። አሮጊቷ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ገና ከሩቅ አዩዋት፤ ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት፤ እጇንም በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ከአምቦ ነው የመጣሽው፣ ልጄ?»

«ኤዬ፣ አዴ።»

«ጉርሙን አይተሽዋል? ትናንት አንድ ጉርሻ እንኳ እንቢ ብሎኝ ነው የሄደው። ወንድሙ እኮ ነው የሞተበት። ዛሬስ እህል ቀመሰ?»

ድንቅቱ አፏን ከፈተች። ያዘጋጀችው ዓረፍተ ነገር አልወጣም። በአምስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ወረደ፤ አሮጊቷም እጇን ሳይለቁ መልሷን ይጠብቁ ነበር።