በዘይት የታፈነው ሽቦ

ጋሽ ጆሮ የመኪናውን የአየር ፊልትሮ የሞተር ዘይት ቀብቶ ወደ ቦታው መለሰው። በረሃ ከመግባቱ በፊት አቧራ እንዲይዝለት ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ የዛሬው ግን ከወትሮው በዛ። ኮፈኑን ዘጋ፣ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ጎማዎቹ ጠጠር እየበተኑ ከጋራዡ ወጡ።

አጠገቡ ነርስ የሆነችው ሴት ልጁ የበረዶ ሳጥን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሳጥኑ ውስጥ የእባብ መርዝ ማርከሻ አለ። በረሃው መሃል ካለ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ካምፕ ማለዳ በሬዲዮ ጠርተው ነበር፦ ወንድሟ ቱቦ ሊያነሳ ሲያጎነብስ እባብ ክንዱን ነድፎታል፤ የካምፑ መኪና ከቆመ ሳምንት አልፎታል። የምትሠራበት ክሊኒክ ሐኪም መድኃኒቱን ሲሰጣት ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለበት፣ ከዚያ በኋላ መርፌው ብዙም አይረዳውም ብሏታል።

አባትየው ጆሮ የተባለው በከንቱ አይደለም። አርባ ዓመት ሙሉ የሞተርን በሽታ በመስማት ብቻ ሲለይ ኖሯል። ኮፈን ሳይከፍት «ሦስተኛው ካንዴላ» ይላል፤ ሲከፈት በእርግጥም እሳት የማይሰጠው ሦስተኛው ካንዴላ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ከሚገባው በላይ ይኮራ ነበር፣ ሰው ሲያርመውም ደሙ ይፈላል። ዓምና ወንድ ልጁ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመልሶ ፊልትሮ ዘይት ሲቀባ አየውና ተው አለው። አዲሶቹ መኪኖች ከፊልትሮው ጀርባ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አላቸው፣ ዘይቱ ያበላሸዋል አለው። ጆሮ በሠራተኞቼ ፊት አዋረድከኝ ብሎ ከጋራዡ አባረረው። ልጁ ሄዶ ጉድጓድ ቁፋሮ ተቀጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ረፋዱ ላይ አድማሱ ጠቆረ። ጆሮ ደመና መስሎት ነበር፤ ደመናው ግን መሬት ለመሬት ይመጣ ነበር። የአቧራው ግድግዳ መኪናውን ሲመታው ቀኑ ቡናማ ሆነ። መስኮቱ ተዘግቶ እንኳ አሸዋ ጥርሳቸው ውስጥ ይፈጭ ጀመር። ጆሮ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስደግፍ ምንም አልቀረውም፤ በእግር መንገደኛ ፍጥነት አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳ። አቧራው ሲያልፍ ሞተሩ አሳለ፣ ጉልበት አጣ፣ ከዚያም ጠፋ።

ጆሮ ዐይኑን ጨፍኖ እንደገና አስነሳና አዳመጠ። ነዳጅ ነው አለ። የነዳጅ ፊልትሮውን ቀየረ፤ ሞተሩ ማሳሉን አልተወም። ካንዴላዎቹን አውጥቶ ጠረገ፤ ያው ነው። ጆሮው ሲዋሸው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ይህን ግን ለልጁ አልነገራትም፤ በሚያስለው ሞተር መንዳቱን ቀጠለ።

ወደ ኋላ ሲያይ ደግሞ ሌላ ነገር አየ። ከኋላቸው በሩቁ አንድ ግራጫ ፒካፕ ቆሟል። እነሱ ሲነሱ ተነሳ፣ ሲቆሙ ቆመ። የመስመሩ ሹፌሮች እንዲህ ያሉ ዘራፊዎችን ጥንብ አንሳዎች ይሏቸዋል። አይተኩሱም፣ አያሳድዱም። የሚያስል መኪና ሲያገኙ ከኋላው ይከተላሉ፤ ውሃው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ባለፈው ክረምት የአንድ የጭነት መኪና ቅርፊት ተገኝቶ ነበር፣ ሹፌሩ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የደረቀውን ወንዝ ሲሻገሩ ሞተሩ እንደገና ጠፋ። ጆሮ በሩን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ልጁ ክንዱን ያዘችው። ከአንድ ዛፍ ሥር ሦስት አንበሶች ተጋድመው ነበር። አንደኛዋ ተነሳች፣ ተንጠራራች፣ ቀስ ብላ መጣችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ በመኪናው ጥላ ውስጥ ተኛች። ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ በቆርቆሮው በኩል ይሰማ ነበር። መስኮት መክፈት አይቻልም፣ ኮፈን መክፈት አይታሰብም። ላብ አገጫቸው ላይ እየተንጠባጠበ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ልጅቷ በረዶው ምን ያህል እንደቀለጠ ለማየት ሳጥኑን ደጋግማ ትነካለች። ጥንብ አንሳዎቹም ዳርቻው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ ጆሮ የጋለው ሞተር በርዶ ይነሳል ብሎ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲያጓራ አንበሳይቱ ዘልላ ሸሸች፤ መኪናው እየተንገጫገጨ ዳገቱን ወጣ።

ካምፑ ከአንድ ረጅም የአሸዋ ኮረብታ ማዶ ነበር። ከኮረብታው ሥር ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። ፀሐይዋ አዘንብላለች። ፒካፑ አሁን ቀርቧል፤ የሰዎቹ ፊት ሊለይ ምንም አልቀረውም።

ልጅቷ ሳጥኑን እንዳቀፈች ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ወንድሜ ስለ ፊልትሮው ያለህን አስታወስክ?»

ሳያስታውስ ቀርቶ አይደለም። ከአቧራው ጀምሮ ከራሱ ጋር ሲታገል ነው የዋለው። ወረደና የፊልትሮውን ቤት ፈታ። ፊልትሮው በዘይት ርሷል፣ አሸዋው ተለጥፎበት ጭቃ ሆኗል። ከጀርባው ቱቦው ላይ ያለውን ሴንሰር በካቻቢቴ ፈትቶ አወጣ። ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለችው፤ እሷም በዚያው ጭቃ ተሸፍናለች።

የወንድ ልጁ ማብራሪያ አንድ በአንድ መጣለት። ሽቦዋ የሚገባውን አየር ለኮምፒውተሩ ትናገራለች፣ ኮምፒውተሩ በዚያው ልክ ቤንዚን ይሰጣል። ስትቆሽሽ አየሩን አሳንሳ ትናገራለች፣ ሞተሩም ይራባል። ለማረጋገጥ ሴንሰሩን ወደ ቦታው መልሶ ሶኬቱን ነቀለና ሞተሩን አስነሳ። ውሸታሟ ዝም ስላለች ኮምፒውተሩ በግምት መሥራት ጀመረ፤ ሞተሩም ማሳሉን አቆመ። ጆሮ ግንባሩን በቡጢ መታ።

ግምት ግን ለኮረብታው አልበቃም። ሞከሩት፤ እኩሌታው ላይ ጉልበት አነሰውና ተንሸራትተው ተመለሱ። ልጅቷ ከቦርሳዋ የአልኮል ጠርሙስ አወጣች። ጆሮ ሴንሰሩን እንደገና አውጥቶ ያዘላት፣ እሷ በመርፌ እየቀዳች ሽቦዋ ላይ ጠብ ጠብ አደረገች። ጥቁር ጠብታ ወረደ። ጣቱን ልኮ ሊጠርጋት ሲል ልጁ እጁን መታችው፣ ሽቦዋ በትንፋሽም የምትበጠስ ትመስል ነበር። አሁን መድረቅ አለባት፤ አልኮል እንዳለባት ኤሌክትሪክ ቢደርስባት ተቃጥላ ሁሉም ነገር ያበቃል። አሥር ደቂቃ አለ ጆሮ። እየጠበቁ ሳሉ ያንን የዘይት ፊልትሮ ወረወረው፤ በቦታው የሴት ልጁን ቀጭን ሻሽ ወጥሮ አሰረ።

በአራተኛው ደቂቃ ከፒካፑ ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ረጅም ብረት ይዟል። አይቸኩሉም። ወፍራሙ በሩ አጠገብ ደርሶ ፈገግ አለ።

«አባት፣ ተበላሸባችሁ?»

«አይ፣ እያረፍን ነው» አለ ጆሮ።

«እንግዲያው እኛም እናርፋለን» ብሎ ሰውየው አሸዋው ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹም ተቀመጡ። ባለብረቱ የመኪናውን ጎማዎች አንድ በአንድ ያይ ነበር።

ጆሮ ሴንሰሩን ገጥሞ ሊነሳ ፈለገ፣ ልጁ ሰዓቷን አሳየችው። አሥሩ ደቂቃ ሳይሞላ አላስነካችውም። ከዚያ ሴንሰሩን ገጥሞ ሶኬቱን ሰካ፣ ኮፈኑን ዘጋ፤ ልጅቷ ስትገባ እሱም ዘሎ መሪው ላይ ተቀመጠ። ወፍራሙ ሰው ብድግ ብሎ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ቁልፉ ዞረ።

ሞተሩ ሙሉ ድምፁን አወጣ። ጆሮ እስከ ጥግ ረገጠው፤ እጀታው ከሰውየው እጅ ተነጠቀ፣ አሸዋው ሦስቱንም ሸፈናቸው። መኪናው እኩሌታውን አለፈ፣ ጫፉ ላይ አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀሰረ፣ ከዚያ ማዶ የድንኳኖቹ ጣራ ታየ። ከኋላቸው የሚከተል አልነበረም። የሚሮጥ መኪና ጥንብ አንሳዎቹ አይፈልጉም።

የፀሐይዋ ጠርዝ አሸዋውን ሲነካ ልጅቷ ወንድሟን ማርከሻውን ወጋችው። ክንዱ እስከ ትከሻው አብጦ ነበር፣ ከንፈሩ ደርቋል። አባቱ ከአልጋው አጠገብ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን አዳመጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ትንፋሹ ረጋ፣ ልጁም ዐይኑን ገለጠ።

«ምን አቆያችሁ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ጆሮ አሸዋ፣ አንበሳ፣ ሌቦች ማለት ይችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው።

«ፊልትሮው» አለ። «ዘይት ቀብቼው ነበር። ሽቦዋን አፈናት። አንተ ልክ ነበርክ፣ ልገድልህ ነበር።»

ልጁ በአባቱ እጅ ላይ ያለውን ዘይት አየ።

«ብዙ ቀባኸው?»

«ከወትሮው አብዝቼ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ ነዋ» አለ አባቱ። «ፈርቼልህ።»

ልጁ ዐይኑን መልሶ ጨፈነና በደህናው እጁ የአባቱን እጅ ፈልጎ ያዘ። የያዘው እጅ አሁንም ዘይት ዘይት ይሸት ነበር።