ከአትክልቱ ደረጃ ሥር

ጋሽ ኃይለመለኮት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን ቁልቁል ሲያዩ ኖረው፣ ከአሌክሳንድሪያ ወጣ ብሎ ባለ፣ በቡድን ሊጎበኙት በሄዱበት የጥንት ባላባት ቤት፣ ከአትክልቱ የድንጋይ ደረጃ ሥር ተደፍተው ሞቱ። ጎናቸው ላይ በእጅ የተገፉበት ትልቅ ሰንበር አለ።

የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሸዋረገድ ስትደርስ ፖሊሶቹ ጎብኚዎቹን ከሲልቨር ስፕሪንግ ያመጣውን የቫን ሹፌር፣ ንጉሡን፣ በካቴና አስረውታል። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል፤ ለእነሱ ይኸው በቂ ነው።

«የቫኑን በር ቶሎ አልከፈትክልኝም ብለው ‹ደንቆሮ› አሉኝ፤ መለስኩላቸው» አላት ንጉሡ። «ከዚያ ቫኑ ውስጥ ተኛሁ። ግን ሹፌርን ማን ያያል፣ እህቴ? ሁለት ልጆች አሉኝ።»

የሟቹ ወዳጅ አቶ ዮዳሄ በሙሉ ልብስ ላብ ያጠምቀዋል። «ጋሼ ጨዋታ አዋቂ ነበሩ። የሎሌዎቹን ክፍል ስንጎበኝ ሚስታቸውን ‹አሰለፈች፣ ያንቺ ክፍል ይኸውልሽ!› ሲሏት በሳቅ ፈረስን።»

«እሷስ ሳቀች?» አለች ሸዋረገድ።

«እሷማ መች ትናገራለች!»

«ቀኑን ሙሉ ፎቶ ስታነሳ ነበር አሉ። ስልክህን አምጣ።»

ወይዘሮ አሰለፈች አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። «አትክልተኛዋ ስትጮኽ ነው ከሁሉም ጋር የሰማሁት» አሉ። «አትክልቱ ውስጥ እግሬም አልረገጠ።»

ሸዋረገድ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበች።

«ጋሽ ኃይለመለኮት ስድስት ሰዓት ላይ ከሎሌዎቹ ክፍል ወጡ። ጩኸቱ የተሰማው ስድስት ተኩል ነው። አቶ ዮዳሄ በዚያ መሃል ዋናው በር ላይ ቆሞ አሥራ አንድ ጊዜ የገዛ ፊቱን አንስቷል። በአሥራ አንዱም ንጉሡ ከኋላው ቫን ውስጥ ተኝቷል። አንሺው ራሱ ግን ልብ አላለውም።»

ዮዳሄ ከረባቱን አስተካከለ።

«በመጨረሻዋ ፎቶ፣ ስድስት ከሃያ ላይ፣ ወይዘሮ አሰለፈች ከአትክልቱ በኩል ይመጣሉ። ወይዘሮ፣ ጠዋት ቫኑ አጠገብ በተነሳችው ፎቶ የነጠላዎ ጥለት እግርዎ ዘንድ ነበር። እዚህች ላይ ግን ወደ ፊትዎ ዞሯል። ሞቱ ሳይሰማ ነጠላ የሚያዘቀዝቅ ማነው?»

«ወድቀው አይታ ደንግጣ ቢሆንስ?» አለ ዮዳሄ።

«ባሏ ሞቶ ያየች ሴት ሰፈር ታስጮኻለች እንጂ ዝም ብላ መጥታ በር ላይ አትቆምም። ደግሞስ አትክልቱን አልረገጥኩም ለምን ትላለች?»

ወይዘሮ አሰለፈች እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ጫማውን አወለቅኩለት። ዛሬ ገፋሁት። ነጠላዬን ግን መች እንዳዘቀዘቅኩት አላውቅም። ይሄ ሞኝ እጅ፣ ለእሱም አዘነለት!»

ካቴናው ከንጉሡ እጅ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ፎቶዎቹን ላጥፋቸው?» አለ ዮዳሄ።

«ተዋቸው» አለች ሸዋረገድ። «ለሰው የጠቀምከው በእነሱ ብቻ ነው።»

የቀሩት ጎብኚዎች ቫኑ አጠገብ ተሰልፈው ጠበቁ። ንጉሡ ገብቶ መሪውን ጨበጠ።

«እጅ የላችሁም እንዴ?» አላቸው በመስኮት። «ክፈቱና ግቡ።»